በስምሽ የሰቀልኩት ቀፎ

ይድረስ ለአስካለ፣ ለልጄ እናት፤

ከተለየሽኝ ሦስተኛው ክረምት እየገባ ነው። እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ያለሽበት ቦታ እኔ ካለሁበት ሳይሻል አይቀርም። እኔ ደህና ነኝ። ሰውነቴ ደህና ነው ማለቴ ነው። ይህን የምጽፍልሽ ግን ታሞ ተኝቷል ተብዬ፣ በወንድምሽ በጴጥሮስ ቤት መደብ ላይ ሆኜ ነው። ለምን እንደሆነ በቦታው ስደርስ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። ረቡዕ ዕለት በገበሬ ማህበሩ ስብሰባ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ስምሽን ጠራሁ። የጠራሁሽ ለምስክርነት አይደለም፤ ለተከሳሽነት ነው። ሳላስፈቅድሽ ያደረግሁት ስለሆነ ከሌላ ሰው ከመስማትሽ በፊት ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ፈርቻለሁ። አብረን በኖርንበት ዘመን ይህን ቃል ከአፌ ሰምተሽው አታውቂም። ነብር ደጃችን ያደረ ጊዜ እንኳ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተሽ፣ ምን ሆንክ ብትይኝ፣ ብርድ ነው ብዬሽ ነበር። አንቺም ብርድ ነው ብለሽ ጋቢ ደረብሽልኝ። ማመንሽን ግን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ። አሁን ብርድ አይደለም አስካለ። ፍርሃት ነው።

ካንቺ በኋላ ቤታችን ፈርሷል። አትደንግጪ፤ የእኛ ብቻ አይደለም፣ ከጥቂቶች በቀር የሁሉም ሰው ቤት ነው የፈረሰው። መንደር ምስረታ ተብሎ፣ በየኮረብታው ላይና በየቡናው ውስጥ ተበትኖ የነበረው ሰው ወደ አንድ ቦታ ይሰብሰብ ተባለ። ከሚዛን የመጡ ወጣቶች ሲባጎ ዘርግተው፣ ችካል ቸክለው፣ ቤቶቹን እንደ ወታደር አሰለፏቸው። ቦታውን ታውቂዋለሽ። ከኮረብታው ሥር፣ ሸለቆው አፉን ከሚከፍትበት ላይ ያለው ሜዳ ነው፤ አንቺ ጎደሬ የምትተክይበት። ሜዳ ስለሆነ ለሲባጎ ይመቻል።

ሁሉም ሰው ቤቱን በእንጨት እንዲሠራ ታዘዘ። እኔ መሠረቱን በድንጋይ ሠራሁ። መጥተው አፍርስ አሉኝ፤ አላፈረስኩም። ደግመው መጡ፤ ሻይ አፍልቼ አጠጣኋቸው፤ አሁንም አላፈረስኩም። ሰልችቷቸው ተውኝ። አንቺ ብትኖሪ “አንተ ድንጋይ” ትይኝ ነበር፣ እንደ ልማድሽ።

ከእኔ ቤት ቀጥሎ የብርነሽ ነው። ልጃችን አሁን የሦስት ልጆች እናት ናት። የመጨረሻዋን ሴት ልጅ አላየሻትም፤ ዓይኗ ያንቺ ነው፣ ጩኸቷ የእኔ ነው ይላሉ። ባሏ ወልዴ ያው ወልዴ ነው፤ ብዙ አይናገርም፣ ብዙ ይሠራል። አሁን ካባው ላይ ጠጠር ይጭናል።

ካባ የምልሽ የድንጋይ ካባውን ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የተከፈተው፤ ከመንደሩ በላይ፣ ከኮረብታው አናት ላይ። ወደ ቴፒ የሚወስደው መንገድ ጠጠር ይለብሳል፣ ከእንግዲህ የገበሬው ቡና በክረምት ጭቃ ተውጦ አይቀርም አሉ። ድንጋዩ ከእኛ ኮረብታ ይወጣል። ድማሚቱ ሲፈነዳ ምድጃው ላይ ያለው ድስት ይዘላል። መፍጫው ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲያኝክ ይውላል፤ ገልባጭ መኪኖቹ ጠጠሩን ተሸክመው ይወርዳሉ፣ ባዶአቸውን እየተንገጫገጩ ይወጣሉ።

እኔ የድንጋይ ጠላት አይደለሁም። ታውቂያለሽ፣ ጥርሴን የነቀልኩት በመዶሻና በመሮ ነው። አንቺን ያገኘሁት የመንገድ ሥራ ተከትዬ መጥቼ፣ ያሳደርኩሽ ድንጋይ ፈልጬ ነው። ፊደል እንኳ የቆጠርኩት በድማሚት ሣጥን ላይ የተጻፈውን እየገጣጠምኩ ነው፤ አስተማሪ አልነበረኝም። ከድንጋይ እንጀራ የበላ ሰው ድንጋይን አይሰድብም። መንገድም ያስፈልጋል። አንቺን በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ሚዛን ስንወርድ መንገድ ቢኖር ኖሮ እያልኩ ያላሰብኩበት ቀን የለም።

ግን ኮረብታን የሚከፍት ሰው በግ እንደሚገፍ ሰው መሆን አለበት፤ ቆዳው የትም አይጣልም። በኛ ጊዜ ከድንጋዩ ላይ የተገፈፈውን አፈር ደልዳላ ቦታ ፈልገን እንከምረው ነበር። ድንጋዩ ሲያልቅ አፈሩን ወደ ጉድጓዱ መልሰን ሣር እናስይዘው ነበር። ጻድቃን ሆነን አልነበረም። በዚህ ዝናብ አገር ገደል አፋፍ ላይ የተከመረ ልቅ አፈር ምን እንደሚያደርግ አንድ ጊዜ በዓይናችን አይተን ስለነበር ነው። አሁን ያለው ግን ዶዘር ነው። ዶዘሩ አፈሩን ከነዛፉ፣ ከነሥሩ ይገፋና ቅርብ ወዳገኘው ቁልቁለት ይለቀዋል።

በጋውን ቡናው ነጭ አበባ በያዘ ጊዜ የመፍጫው ብናኝ በላዩ ላይ እንደ ዱቄት ተነሰነሰ። ወደ ካባው የሚያየው ጎን ፍሬ ሳይዝ ቀረ። ጉሬዛዎቹ ወዴት እንደሄዱ እንጃ፣ ጠዋት ጠዋት አይጮኹም። መቃብርሽ ላይ እኔ የጠረብኩት ድንጋይ እንኳ ብናኝ ይለብሳል፤ እሑድ እሑድ በእጄ እጠርገዋለሁ። እስከዚህ ድረስ ችዬ ነበር። ከዚያ ለካባው ተብሎ የተጀመረው የጫካ መመንጠር ወደ ምንጭሽ ዞረ።

ምንጭሽ የምለው ከአባትሽ የቀረሮ ዛፍ ሥር የሚፈልቀውን ነው። ያ ቀረሮ አሁንም አለ፤ ግንዱን ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። የአባትሽም ቀፎ ከላይ እንደተጋደመ ነው። ያን ቀን ታስታውሺዋለሽ። እኔ ከሩቅ የመጣሁ ጎረምሳ፣ ለካምፑ ጣውላ የሚሆን ዛፍ ፈልግ ተብዬ መጥረቢያ ይዤ ጫካ ገብቼ ነበር። ቀረሮውን አየሁና ይህ ነው አልኩ። መጥረቢያውን ሳነሳ አንቺ ውኃ ልትቀጂ መጣሽ። አማርኛሽ ገና ጥቂት ነበር፤ የእኔ ቤንችኛ ደግሞ ጭራሽ አልነበረም። እንስራሽን አስቀመጥሽና በእኔና በግንዱ መካከል ገብተሽ ቆምሽ። ከትከሻዬ አታልፊም ነበር።

“ቀና በል” አልሽኝ። ሌላ ቃል አልጨመርሽም።

ቀና ብዬ ቀፎውን አየሁ። ቀጥሎ ዝቅ ብዬ አንቺን አየሁ። መጥረቢያውን ያስቀመጥኩት የትኛውን አይቼ እንደሆነ ዕድሜሽን ሙሉ ስትጠይቂኝ ኖርሽ፤ ሳልነግርሽ ቀረሁ። አሁንም አልነግርሽም።

ሕጉን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ራሱ ቀፎውን ካላወረደ በቀር ዛፉን ማንም አይቆርጠውም፣ ደመኛውም ቢሆን። ይህን ሕግ ማንም ጽፎ አላተመውም፤ ማንም ግን ሲጥሰው አላየሁም።

ስለዚህ መመንጠሩ ወደ ምንጩ ሲዞር ከጴጥሮስ ጋር መከርን። እሱ ቀፎ ሠራ፣ እኔ ተሸከምኩ። ዛፍ መውጣት የእኔ ሙያ አይደለም፤ ወንድምሽ ግን በዚህ ዕድሜው እንደ ጉሬዛ ይወጣል፤ ከላይ ሆኖ እኔን “አማቼ፣ መሬቱን እንዳይወድቅ ጠበቅ አድርገህ ያዝልኝ” እያለ ይስቃል። በምንጩ ዙሪያ ባሉት ትልልቅ ዛፎች ላይ ሰቀልን። ንብ የለባቸውም። በአባትሽ ቀፎ ውስጥ የነበሩትም ድማሚቱ ከተጀመረ ወዲህ ነቅለው ሄደዋል። ይህ ነገር አስጨንቆኝ ባዶ ቀፎ ይቆጠራል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ባዶ ቤትም ቤት ነው፣ ሰው የለም ብለህ በር ሰብረህ አትገባም አለኝ።

በማግስቱ የካባው ሠራተኞች መጥረቢያቸውን ይዘው መጡ። ቀና አሉ። እርስ በርስ ተያዩ። ተመለሱ። ዶዘሩን የሚነዳው ልጅ ከጎረቤታችን ከሸኮ ነው፣ ሕጉን ያውቃል፤ እሱም ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ ከግንዱ ሥር ቆሞ ወደ ላይ አየና ራሱን ነቅንቆ ማሽኑን አዞረ።  እኔ ከቡናው ውስጥ ሆኜ ሳይ ነበር። ደስ አለኝ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልነግርሽም፤ ለሽማግሌ የማይገባ ነበር። የዛሬው ፍርሃቴ ከዚያ ደስታ ነው የተወለደው።

ሥራው አልቆመማ። በዚህ በኩል ማለፊያ ያጣው አፈር በወዲያ በኩል ሄደ። በወዲያ በኩል ያለው ሸለቆው ነው። ከሸለቆው ሥር ያለው መንደሩ ነው።

ይህን ያወቅሁት የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሲጥል ነው። ቀይ ውኃ በብርነሽ ጓሮ ገብቶ በፊት ለፊት በሯ ወጣ። ምጣዷን፣ ጫማዋን፣ የልጆቹን መኝታ በጭቃ ለውሶ ሄደ። ብርነሽ ስታጥብ፣ ስትስቅ፣ ቤቴ ወንዝ ዳር ሆነ ስትል፣ እኔ ከሳቋ በላይ ወደ ኮረብታው አይ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ምርኩዜን ይዤ ወጣሁ። ከሸለቆው ራስ ላይ አዲስ ኮረብታ ቆሟል አስካለ። አፈር፣ ጥርብ የማይሆን ድንጋይ፣ ከነቅጠሉ የተገነደሰ ዛፍ፣ ሁሉም ተደባልቆ ሸለቆውን እንደ ጋን ክዳን ደፍኖታል። ከላዩ ላይ እጄን የሚያስገባ ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ሄዷል። ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ። ከውስጡ ውኃ ይንሿሿል።  በስንጥቁ ላይ አንድ ቀጭን እንጨት አጋድሜ፣ ሁለቱን ጫፎች በጠጠር ጭኜ ተመለስኩ። በሌላ ቀን ስመጣ እንጨቱ ስንጥቁ ውስጥ ወድቋል።

ወደ ካባው ኃላፊ ሄድኩ። ጓድ ነው የሚባለው፤ እኔም ጓድ እለዋለሁ። በዕድሜ ከእኛ ብርነሽ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው። ድንጋዩ ያለቀበት አሮጌው ጉድጓድ ባዶውን ተቀምጧል፣ አፈሩ እዚያ ይመለስ፣ የተከመረውም ከላይ ከላዩ ይነሣ አልኩት። እንደማያውቅ ሰው ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም። እሱም ያውቃል። አሮጌው ጉድጓድ ሩቅ ነው፣ ናፍጣ በልክ ነው የሚሰፈርልኝ፣ መንገዱ ለአብዮቱ በዓል ካልደረሰ የምጠየቀው እኔ ነኝ አለኝ። ይህን ሲል ዓይኑ በሩን ያያል። እሱም እንደ እኔ ፈሪ ነው፤ የፈራነው ነገር ነው የተለያየው። እኔ ኮረብታውን፣ እሱ ከበላዩ ያለውን ሰው። ማወቁ ይበልጥ አስፈራኝ። የማያውቅን ሰው ታስረጂዋለሽ፤ የሚያውቀውን ምን ትይዋለሽ?

ከዚያ ወደ ብርነሽ። ልጆችሽን ይዘሽ ወደ አጎትሽ ቤት ውጪ አልኳት፤ ጴጥሮስ ቤቱ ከላይ፣ ከጠንካራው ዓለት ላይ ነው፤ ከመንደር ምስረታው የተረፈውም ለዘበኝነት ይመቻል ተብሎ ነው። እምቢ አለች። ከመስመር የወጣ ሰው ቤቱ ለሌላ ይሰጣል፣ ስሙም ይጻፋል አለች። እሱስ እውነት ነው። ተቆጣሁ። ተቆጣች። መሠረትህን በድንጋይ ሠርተህ የተቀመጥክ አንተ፣ ሌላውን ሰው ሽሽ ትላለህ ወይ አለችኝ። ወልዴ በመካከላችን ተቀምጦ የማረሻ እጀታ ይጠርባል፤ በመጨረሻ፣ ሁለታችሁንም በአንድ ጊዜ ማግባቴን ሰው አልነገረኝም ነበር አለ። አንቺ ብትኖሪ ታስታርቂን ነበር። ወይም በሁለታችንም ትስቂ ነበር።

ጴጥሮስ ነው መላ ያለው። በዚያ በኩልም እንስቀል አለ። ከሸለቆው ራስ ላይ ዶዘሩ በሚያልፍበት መተላለፊያ ግራና ቀኝ የቀሩ ዛፎች አሉ፤ እነሱ ሳይወድቁ ማሽኑ ከዚያ ወዲያ ክምሩ ጫፍ መድረስ አይችልም። ሰቀልን። የአባትሽን ቀፎ ግን ከቀረሮው አላወረድነውም። የሸኮው ልጅ መጣ፣ ቀና አለ፣ በዚህም በዚያም ዞረ፤ የቀረው መንገድ ወደ አሮጌው ጉድጓድ የሚወስደው ብቻ ነው። ወደዚያ ገፋ። አፈሩ መሄድ ወደሚገባው ቦታ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ። ግን ሩቅ ነው፤ ሥራው ዘገየ፤ መፍጫው ድንጋይ እየጠበቀ ዝም ይል ጀመር። ዝምታውን ኃላፊው ሰማ። ከእሱ በላይ ያሉትም ሰሙ መሰለኝ።

እንግዲህ ረቡዕ ተሰበሰብን። ኃላፊው ከፊት ቆሞ፣ ከጎኑ ከሚዛን የመጣ ሌላ ሰው ተቀምጦ። ያ ሌላው ሰው ፊታችንን አንድ በአንድ ያይ ነበር። ለአንድ ጥያቄ እንፈልግሃለን ተብሎ ከመካከላችን የተወሰደውን መምህር ታስታውሺዋለሽ፤ ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አላለቀም። ሁሉም ሰው እሱን እያሰበ ነበር። ኃላፊው ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፣ ቀፎዎቹ የማን ናቸው አለ።  ጴጥሮስ ሊነሣ ሲል አየሁት። ልጅ የሌለው፣ ሚስት የሞተችበት፣ እኔ ከሞትኩ የሚቀረኝ የለም ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። ቀደምኩት።

“የባለቤቴ ናቸው” አልኩ። “አስካለ ትባላለች።”

“ባለቤትህ ትቅረብ።”

“ጥሪው ይደርሳታል። መንገዱ ግን ሩቅ ነው፤ ከሄደች ሦስተኛ ክረምቷ ነው።”

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁን መልሶ ዋጠው። ቀረሮው የአባቷ ነው፣ ቀፎው የአባቷ ነው፣ እሱ ሲሞት የእሷ ሆነ፣ እሷ ስትሄድ አውርድ ብላ አላዘዘችኝም አልኩ። የሌሎቹ ቀፎዎችስ ሲለኝ፣ እነሱም በስሟ የተሰቀሉ ናቸው አልኩ። ይህም እውነት ነው። ስንሰቅላቸው ጴጥሮስ ከላይ ሆኖ ስምሽን እየጠራ ነበር የሚያስራቸው።

ኃላፊው ፊቱ ቀላ። እንግዲያው ቀፎዎቹን የሚያወርድ በጎ ፈቃደኛ ይነሣ አለ። የተነሣ የለም። አንዱን በጣቱ ሲያመለክተው ጉልበቴን ያመኛል አለ። ሌላው ከፍታ ሲያይ ያዞረዋል። ሌላው ሚስቴ ልትወልድ ቀኗ ነው አለ፤ ሚስቱ ከሴቶቹ መካከል ሆና ማን፣ እኔ ነኝ የምወልደው ብላ ጠየቀች። ከልጅነቱ ዛፍ ላይ ያደገ መንደር በሙሉ ያን ቀን ዛፍ መውጣት ረሳ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ያ ከሚዛን የመጣው ሰው ዓይኑ ከእኔ ላይ አልተነሣማ።

ስብሰባው ሲበተን ኃላፊው ከመሰብሰቢያው ቤት ጥግ ጠበቀኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አባባ፣ ሰኞ ከሩቅ አገር ሌላ ነጂ ይመጣል። እሱ ቀፎ አያውቅም። እዚያ አካባቢ እንዳላገኝዎት” አለኝ። ዛቻ ነው እንዳልል ድምፁ የልጅ ነበር። ምክር ነው እንዳልል ቃሉ ከባድ ነበር። ሁለቱም ነው መሰለኝ።

ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዙ ወረድኩ፣ ስንት እንደሞላ ላይ ብዬ። አልሞላም። ጎድሏል። ዝናቡ ጀርባዬን እየደበደበኝ ወንዙ ድንጋይ ለድንጋይ ሆኗል፤ ትንንሽ ዓሦች በየጉድጓዱ ይፈራገጣሉ። ዝናብ እየዘነበ ወንዝ ሲጎድል ውኃው የትም አልጠፋም፤ ከላይ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው።   መንደሩ ውስጥ ሮጬ እንደደረስኩ የማውቀው ምርኩዜን መንገድ ላይ መጣሌን በኋላ ሲነግሩኝ ነው። ለወንድምሽ ነገርኩት፤ እሱ በየቤቱ እየዞረ በቋንቋችሁ አስረዳ። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ከላይ ወዳለው ዘመዳቸው አወጡ። አንዳንዶቹ ስማችን ይጻፋል ብለው ቀሩ። ብርነሽ ልብስ ትሰበስባለች፣ ቆጮ ታወጣለች፣ አሁን እመጣለሁ ትላለች፣ አትመጣም።

ያኔ ነው የታመምኩት። በደረቴ ላይ እጄን ጭኜ ከደጇ ወደቅሁ። እኔ፣ ወባ ይዞኝ እንኳ ተቀምጬ የማሳልፍ ሰው፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አቃሰትኩ። ልጅሽ አባዬ ብላ ጮኸች። ወልዴ ተሸከመኝ፤ ወደ ጴጥሮስ ቤት፣ ወደ ላይ አልኩ፣ እዚያ አየሩ ይሻለኛል። ልታስታምመኝ ልጆቿን ሁሉ ይዛ ተከተለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚህ ነን። ማታውን ወንዙ መልሶ መጣ፤ ወፍራም፣ ቡናማ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ እያንከባለለ። ክምሩ ግን አልወረደም። ተነፈሰ እንጂ አልወረደም። የያዘው ውኃ ቀዳዳ አግኝቶ ሾልኮ ነው። ስንጥቁ አሁን ሰው ያስገባል ይላል ጴጥሮስ።

እኔ ተኝቼ አዳምጣለሁ። ድማሚት ሲፈነዳ ክምሩ ነው እላለሁ። መኪና ሲወጣ ሊወስዱኝ መጡ እላለሁ። ከሁለቱ የቱ ቀድሞ እንደሚመጣ አላውቅም፤ ሁለቱም ከአንድ ኮረብታ የሚወርዱ ይመስለኛል። ነገ ሰኞ ነው። አልጋው ላይ ከቀረሁ ብርነሽ እዚህ ትቀመጥልኛለች፤ ነጂው ግን ቀፎዎቹን ይጥላል፣ ቀረሮው ይወድቃል፣ ምንጩ ይደፈናል፣ የሸለቆው መተላለፊያ ይከፈታል፣ በዚያ ስንጥቅ ላይ ደግሞ አፈር ይጨመራል። ከተነሣሁ መዋሸቴ ይታወቃል፣ ልጅሽ ተናድዳ ወደ ቤቷ ትወርዳለች። ይህን ሳሰላስል ነው ጎኔን ሳገላብጥ የሰነበትኩት።

ዛሬ ጠዋት ብርነሽ አጥሚት ይዛልኝ መጣች። መደቡ ጫፍ ተቀመጠችና አየችኝ። አስተያየቷን ታውቂዋለሽ፤ ከአንቺ ነው የወረሰችው።

“አባዬ፣ ሕመሙን በአንድ ጎን አድርገው። ዓርብ በግራህ ነበር፣ ትናንት በቀኝህ ሆነ፤ የቱን እንደማሽልህ ቸገረኝ።”

 ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለች። ታሞ የማያውቅ ሰው ማቃሰቱ እንኳ ትእዛዝ ይመስላል አለችኝ። ታዲያ ለምን ተከተልሽኝ አልኳት። የሕፃኗን ፀጉር እየዳበሰች፣ ፈርቼ፣ ከቤቴ ለመውጣት ምክንያት ስፈልግ ነበር፣ አንተ ወደቅህልኝ አለች። ለእኔ ለመናገር ያፈረችው ነገር እኔ ለእሷ ለመናገር ያፈርኩት ነው። ይህን ጠባይ ከየት እንዳመጣችው አትጠይቂኝ። ዝናቡ እስኪያልፍ አልወርድም፣ ስሜ ይጻፍ አለች። ከዚያ ተነሥታ ሸሚዜን አጥባ ከእሳቱ አጠገብ ሰቀለችው። ነገ አትሂድ አላለችኝም። ሂድም አላለችኝም።

ወልዴን ሥራህን እንዳትቀር ብዬዋለሁ፤ ልጆች አሉት። ጴጥሮስንም ከቤት እንዳትወጣ፣ ብርነሽና ልጆቿ ያለ ወንድ እንዳይቀሩ ብዬዋለሁ። እሺ አለኝ። እሺታው ግን የእኔ ዓይነት እሺታ ነው።

አስካለ፣ ሰው ለሞተበት ተዝካር ያወጣል፣ ጸሎት ያደርሳል፤ እኔም አቅሜ የፈቀደውን አድርጌያለሁ። ነገ ግን በሌላ መንገድ አስብሻለሁ። ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ያን የታጠበ ሸሚዝ እለብሳለሁ። ወደ አባትሽ ቀረሮ እሄዳለሁ፤ ማሽኑ ወደ ሸለቆው ሲወጣም የሚያልፈው በእሱ ሥር ነው። በዚያ ቀን አንቺ በቆምሽበት፣ በማሽኑና በግንዱ መካከል እቆማለሁ። ነጂው አገሩን የማያውቅ ሰው ነው፤ እኔም በመጣሁ ጊዜ እንደ እሱ ነበርኩ። እንደ እሱም አንገቴ ደንዳና ነበር። ማሽኑን እያስጮኸ ወደ እኔ ሲመጣ አንቺ ያልሽኝን እለዋለሁ። ቀና በል እለዋለሁ። ሌላ ቃል አልጨምርም።

ቀና ካለ ቀፎሽን ያያል። ካላለም እኔ ከዚያ አልነቃነቅም። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ምን ሆንክ ብሎ ከጠየቀኝ፣ ብርድ ነው እለዋለሁ። አንቺ ግን እውነቱን ይዘሽ ቆዪኝ።

ያንቺው ድንጋይ